የድሮ የእንግሊዝ ፒፓዎች፦ ማህተሙን አንብቦ ደረጃውን ማወቅ (ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ)

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የፒፓ ቤተሰቦች። በግል መልእክት የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ፎቶ ይላካል፣ ከስሩ «ይሄ ስንተኛ ደረጃ ነው? ስንት ያወጣል?» ይባላል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚህ ላስቀምጠው። እናንተም ጨምሩበት፣ የማትስማሙበትንም ሳትሳቀቁ ተናገሩ።

መጀመሪያ ይሄን እንያዝ። የእንግሊዝ ፒፓ የጋራ የደረጃ መሰላል የለውም። እንደ ወርቅ 18 ካራት፣ 21 ካራት ብሎ ነገር የለም። ከሠሪዎቹ ቤቶች ደንሂል የራሱ አሠራር አለው፣ ኮሞይስ የራሱ፣ ቻራታን የራሱ፣ ባርሊንግ የራሱ። የአንዱን ቤት ቁጥር ይዞ የሌላውን ቤት ፒፓ የሚመዝን ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ ይበትናል።

ሁለተኛ፣ ደረጃ ሲባል የሚለካው ምንድን ነው? በአብዛኛው የእንጨቱ መልክ ነው። እነዚህ ፒፓዎች የሚሠሩት ከብራየር ነው። ብራየር በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን የሚፈለገው ከግንዱና ከስሩ መሀል የሚያብጠው ጉብጉብ ነው። ይሄ ሲሰነጠቅ ውስጡ መስመር አለው። መስመሩ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በዙሪያው ሁሉ እኩል ከወጣ ስትሬት ግሬይን ይባላል፣ ውዱም እሱ ነው። ወደ ላይ እየተበተነ ከሄደ ፍሌም ግሬይን ነው። ትንንሽ ክብ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ደግሞ በርድስ አይ። ከዚያ ጉድለቱ ይታያል። ጠጠር ወይም አሸዋ ትቶት የሄደ ቀዳዳ አለ ወይ? ቀዳዳው በማጣበቂያ ተደፍኗል ወይ? እንጨቱ ምን እንደያዘ ሠራተኛው የሚያውቀው እየቀረጸው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅርጽ የሠራቸው ሁለት ፒፓዎች አንዱ ቁንጮ፣ አንዱ ተራ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

እንግዲህ ደረጃው የሚነግራችሁ ስለ መልኩ ነው። ጭሱ ጥሩ ይሁን አይሁን የሚወስነው የእንጨቱ አደራረቅ፣ የጭስ መውጫው ቀዳዳ አበሳስና የመምጠጫው ቅጥነት ነው። እሱን የትኛውም ማህተም አይነግራችሁም።

ሁሉም የሚጠይቀው ደንሂልን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። አልፍሬድ ደንሂል ለንደን ዱክ ስትሪት ላይ የትምባሆ ሱቅ የከፈተው በ1907 ነው። ፒፓ ራሱ ማሠራት የጀመረው በ1910። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።) መምጠጫው ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ጥቂት ቆይታ መጣች። ሥራዋ የላይኛው ገጽ የትኛው እንደሆነ ማሳየት ነበር፣ እየቆየች የቤቱ መታወቂያ ሆነች። ደንሂል ዘንድ ፒፓዎቹ የሚለያዩት በአጨራረስ ነው። ብሩየር ለስላሳና ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሼል በአሸዋ ተመትቶ ገጹ የተሸበሸበው ነው፣ ፓተንቱ የ1917 ነው። በ1931 ሩት ብራየር መጣ፣ መስመሩ ጎልቶ እንዲታይ ቀለሙ ቀለል ይላል። በ1952 ደግሞ ታንሼል፣ እንደ ሼል የተሸበሸበ ሆኖ ፈካ ያለ። እነዚህን ደረጃ አድርገው የሚዘረዝሩ ሻጮች አሉ፣ አትስሟቸው። ሼል ከብሩየር አያንስም። ፈተናውን ያላለፈ ነጯን ነጥብ አያገኝም ነበር፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደተቋቋመው የደንሂል ሁለተኛ ስም ወደ ፓርከር ይሄድ ነበር። ደንሂል ላይ የምር ደረጃ የሚባለው «ዲአር» የሚል ማህተም ያለው ስትሬት ግሬይኑ ብቻ ነው። ከኤ ተነስቶ ፊደሉ ወደፊት በሄደ ቁጥር ዋጋውም ይወጣል።

ሌሎቹን ቤቶች ለሚያውቋቸው እተዋለሁ። ጋሽ ኮሞይ ይቀጥሉበት።

ቦሌ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በቅርቡ አንድ ሼል ኢንተርኔት ላይ ገዛሁ። ሻጩ «ከ6 ደረጃዎች 4ኛው» ብሎ ነው የለጠፈው። አንገቱ ላይ የቅርጽ ቁጥር አለ፣ ቀጥሎ ደንሂል ሼል ብራየር ይላል፣ ከዚያ ሜድ ኢን ኢንግላንድ። ኢንግላንድ ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ከፍ ብላ 15 የምትል ትንሽ ቁጥር አለች። ከዚያ በክብ ውስጥ 4፣ ከጎኑ ኤስ። 4 ከ6 ማለት መካከለኛ ነው ማለት ነው? 15ስ ምንድን ነው?

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው። በክብ ውስጥ ያለችው 4 መጠን ናት። ደንሂል ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፒፓዎቹን በመጠን ቡድን ከፋፈላቸው። 1 ትንሿ ናት፣ 4 ለብዙ ሰው እጅ የምትመች፣ 5 እና 6 ትልልቆቹ። ኤስ ሼል ማለት ነው፣ ብሩየር ላይ ኤ ታገኛለህ፣ ሩት ብራየር ላይ አር፣ ታንሼል ላይ ቲ። ስለዚህ ያንተ «መካከለኛ ደረጃ» የሚባል ነገር አይደለም። መጠኑ 4 የሆነ ሼል ነው፣ በቃ።

15 ዓመቱ ናት። እንደ ያንተ በክብ ውስጥ መጠን ያለው ላይ ሁለት አሃዝ ስታይ 60 ላይ ደምር። ስለዚህ ፒፓህ የ1975 ነው። አንድ አሃዝ ብቻ ሲሆን ነው ችግሩ፣ ምክንያቱም ያቺው ቁጥር በተለያዩ አሥርት ዓመታት ተመልሳ ትመጣለች። ያኔ ሌላ ምልክት ፈልግ። የፓተንት ቁጥር ካለው ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት ነው። በክብ ውስጥ መጠን ካለው ደግሞ ከ1950 ወዲህ ነው። ሁለቱን ስታጋጥም ብዙውን ጊዜ አንድ አሥርት ዓመት ብቻ ይቀርሃል።

አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ክቡ የለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አራት አሃዝ ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው መጠን፣ ሁለተኛው የመምጠጫው ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቅርጹ። 4103 ካለ መጠኑ 4፣ መምጠጫው ቀጥ ብሎ እየቀጠነ የሚሄደው፣ ቅርጹ ቢሊያርድ ነው።

ጋሽ_ኮሞይ፣ ስቶክሆልም

ልጄ ጥሩ ጽፈሃል። ግን ደንሂል ደንሂል ማለት ይብቃችሁ። ነጯ ነጥብ ላይ ግማሹን የምትከፍሉት ለስሙ ነው።

ኮሞይስን ውሰዱ። የቤቱ ስር ፈረንሳይ ሴንት ክሎድ ነው፣ 1825። አንሪ ኮሞይ ለንደን የገባው በ1879። እዚህ ቤት የምር የደረጃ መሰላል አለ፣ በቁጥርም ሳይሆን በስም። ከላይ ብሉ ሪባንድ። አጠገቡ ስፔሲመን ስትሬት ግሬይን። ከነሱ በታች ሮያል ኮሞይ፣ ትራዲሽን፣ ኦልድ ብሩየር፣ ግራንድ ስላም እያለ ይቀጥላል። ግራንድ ስላም ውስጡ የብረት ማጣሪያ የነበረው ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ዛሬ ማጣሪያው ወልቆ ጠፍቷል፣ ለማጨስ ምንም አያጎድልም። ከመሰላሉ ውጪ ደግሞ ሁለተኛ ስሞች አሉ። ጊልድሆል፣ ኤቭሪማን። የኮሞይስ ስም የማይጻፍባቸው የዚያው ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ጊልድሆል መምጠጫው ላይ ሦስት የብረት ሰረዝ አለው፣ በዚያ ታውቁታላችሁ። በርካሽ ጥሩ የሚያጨስ ፒፓ የምትፈልጉ እዚያ ፈልጉ፣ እነ ነጭ ነጥብን ተዋቸው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። መምጠጫው ላይ ያለችውን «ሲ» ፊደል በማጉያ መነጽር እዩ። የድሮው ሲ በሦስት ጊዜ ቁፋሮ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ነጭ ክብ ይገባል፣ እሱ መሀሉ ተበስቶ ጥቁር ይገባበታል፣ ከዚያ በጎን ተቆርጦ ክቡ ሲ ይሆናል። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። በኋላ ዘመን የመጣው ሲ ግን አንድ ወጥ ነው ወይም ላዩ ላይ የታተመ ነው። ሦስት ቁራጩ ካለ፣ አንገቱ ላይም በክብ የተጻፈ ሜድ ኢን ለንደን ኢንግላንድ ካለ፣ ጥሩውን ዘመን ይዛችኋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ኮሞይስም፣ ጂቢዲ የሚባለው ሌላው ቤትም ካዶጋን በሚባል ድርጅት ጥላ ስር ተጠቃለው ነው የተሠሩት። ስሙ ያው ነው፣ ፒፓው ግን ያው አይደለም።

ቦሌ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ብሉ ሪባንድና ስፔሲመን አንድ ላይ ቢቀርብልዎት የትኛውን ያነሳሉ?

ጋሽ_ኮሞይ፣ ስቶክሆልም

ብሉ ሪባንድ። ሌላው «ስፔሲመን ነው የሚበልጠው፣ መስመሩ ንጹህ ቀጥ ያለ ነው» ይልሃል። ይበል። እኔ ግን ዓይኔ የሚወደውን ነው የማነሳው።

ዳዊት_ብራየር፣ ዱባይ

ጋሽ ኮሞይ ነጯ ነጥብ ላይ የከፈልነው ለስሙ ነው ማለትዎ ትንሽ በዛ። እስቲ የ1920ዎቹን ሼል በእጅዎ ይያዙት። የአልጄሪያ ብራየር ነው፣ ለስለስ ያለ እንጨት ስለሆነ አሸዋው ጠልቆ ነው የቆፈረው፣ ገጹ ላይ ተራራና ሸለቆ ነው ያለው። የዛሬ የአሸዋ አመታት እሱን አያህልም። በአሸዋ የተመታ ሁሉ ጉድለት ለመሸፈን ነው የሚባለውም ወሬ ነው። አንዳንድ ቤት እንዲያ አድርጓል፣ ደንሂል ግን ፓተንት ያወጣበት ለመልኩና ለቅለቱ ነው። ከእንጨቱ ላይ ብዙ ስለሚነሳ ፒፓው ይቀላል፣ አየር የሚነካው ገጽም ይሰፋል።

ደግሞ ሳሲየኒ ለምን አልተነሳም? ጆኤል ሳሲየኒ ቻራታን ቤት ሠርቷል፣ ደንሂል ቤትም ሠርቷል፣ ከዚያ በ1919 የራሱን ከፈተ። መጀመሪያ እሱም አንድ ነጥብ ነበር ያደረገው። ደንሂል ዝም ይላል እንዴ! ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው አራት ሰማያዊ ነጥብ የመጣው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው አደረጃጀት ቀላል ነው። አራት ነጥብ አንደኛ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አንድ። ከቤቶቹ ሁሉ ለጀማሪ የሚገባው ይሄ ነው፣ ነጥቡን ቆጥረህ ትገዛለህ። አራት ነጥቦቹ ላይ የእንግሊዝ ከተማ ስም ይታተማል፣ አሽፎርድ፣ ዊንዘር እያለ። እሱ የቅርጽ ስም ነው እንጂ የተሠራበት ከተማ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ያሉት ላይ ደግሞ ሳሲየኒ የሚለው ጽሑፍ መጨረሻው እንደ ዓሣ ጅራት ይዘረጋል፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እሱን ነው። ቤተሰቡ ፋብሪካውን በ1979 ሸጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ነጥብ በቤተሰቡ ዘመን ዋጋ አትግዙ።

ሮዛ_ቴላቪቭ

ሰላም ሁላችሁ። እኔ አላጨስም፣ ጭስ ያሳመኛል። የምሰበስበው ብር ያለባቸውን ብቻ ነው። ሁላችሁም እንጨቱ ላይ ስታፈጡ ቀለበቱን ትረሱታላችሁ።

አንገቱ ላይ የብር ቀለበት ካለ የእንግሊዝን የብር ማህተም ማንበብ ዓመቱን በነጻ ይሰጣችኋል። የሚራመድ አንበሳ 925 ብር ማለት ነው። የነብር ራስ ካለ የተፈተሸው ለንደን ነው፣ መልህቅ ካለ በርሚንግሃም። ቼስተርም ነበር፣ ሦስት የስንዴ ነዶና ጎራዴ ነው ምልክቱ፣ በ1962 ተዘጋ፣ ስለዚህ የቼስተር ምልክት ያለበት ፒፓ ከዚያ በኋላ ሊሆን አይችልም። ከነዚህ ጎን አንዲት ፊደል አለች፣ እሷ ዓመቱ ናት። ፊደሏ ብቻዋን አትበቃም፣ የፊደሉን አጻጻፍና በዙሪያዋ ያለውን የጋሻ ቅርጽ አብራችሁ ከከተማው ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሩ። ፊደሉ አልቆ እንደገና ሲጀምር አጻጻፉን ይቀይራሉና።

አሁን ለምን ይሄን እንደምናገር። የአንድ ፒፓ አንገት ሲሰነጠቅ ጠጋኝ ቀለበት ያስገባበታል። ስንጥቁ ይሸፈናል፣ ሻጩም «የብር ጌጥ ያለው» ብሎ ያስወድደዋል። እንዴት ትለዩታላችሁ? የፋብሪካው ቀለበት ላይ የሠሪው የስም ፊደላት ከፒፓው ቤት ጋር ይገጥማሉ፣ ዓመቱም ከእንጨቱ ማህተም ጋር አይጋጭም። የተጠገነው ላይ ብዙ ጊዜ ማህተም የለም፣ ወይም የሌላ ሰው ፊደል ነው፣ ወይም ቀለበቱ ከእንጨቱ ማህተም ላይ ግማሹን ፊደል በልቶታል። ፋብሪካ የራሱን ስም አይሸፍንም።

ባርሊንግን የምወደውም ለዚህ ነው። ቤንጃሚን ባርሊንግ ለንደን ውስጥ በ1812 ሲነሳ ብር አንጥረኛ ነበር። ፒፓ ላይ ብር ማሠር የቤቱ የመጀመሪያ ሙያ ነው።

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

ሮዛ ይሄ ወርቅ መልስ ነው፣ ከላይ እሰቅለዋለሁ።

ባርሊንግ ላይ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህም የመጠንና የደረጃ መደናገር አለ። «ኢኤል»፣ «ኢኤክስኢኤል»፣ «ኢኤክስኢኤክስኢኤል» የሚሉትን ፊደላት ሰው እንደ ክፍል ያነባቸዋል። አይደሉም፣ መጠን ናቸው። ኤስኤም ትንሽና መካከለኛ መሀል፣ ኤል ትልቅ፣ ከዚያ በላይ እያደገ ይሄዳል። ጨዋታው ግን ትልልቆቹን ሰብሳቢ ስለሚፈልጋቸው ዋጋቸውም ይንራል፣ ስለዚህ ፊደሉ ደረጃ ባይሆንም ኪስህን ይነካል። ዬ ኦልድ ዉድ የሚለው ጥሩ እንጨት ነው፣ ስፔሻል ከተጨመረበት መስመሩ ተመርጧል ማለት ነው። በአሸዋ የተመታው ፎሲል ይባላል።

ባርሊንግ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ ዓመተ ምሕረቱ ነው። ቤተሰቡ በ1960 ሸጠው። በ1962 የቅርጽ ቁጥሩ ወደ አራት አሃዝ ተቀየረ፣ ማህተሙም በኋላ በእጅ ጽሑፍ ዓይነት የተጻፈ ባርሊንግ ሆነ። ድሮ ባርሊንግስ ሜክ ተብሎ ቅስት ሠርቶ ነበር የሚጻፈው። ቅስቱንና አጭሩን ቁጥር ካያችሁ የቤተሰቡ ነው። የእጅ ጽሑፉን ካያችሁ ደግሞ ዋጋውን አስቀንሱ፣ መጥፎ ፒፓ ነው ማለት ሳይሆን የሚከፈለው ሌላ ነው።

ጤና_ይቅደም

ይቅርታ አድርጉልኝ ግን ትምባሆ እያስተዋወቃችሁ ነው። ለወጣቱ ምን እያስተማራችሁ ነው?

ዳዊት_ብራየር፣ ዱባይ

ወዳጄ ስጋትህ ይገባኛል። ፒፓም ካንሰር ያመጣል፣ የአፍና የጉሮሮ በተለይ፣ ጭሱን ባትውጠውም። እዚህ ማንም ጀምሩ አላለም። ሮዛ እንዳለችው የማያጨሱ ሰብሳቢዎችም አሉ፣ ስለ ሥራውና ስለ እንጨቱ ነው የምናወራው።

ሰሜን_ተራራ፣ ደባርቅ

ሰላም ናችሁ። ብራየር ብላችሁ የምታወሩለት ዛፍ እኛ ጋ ያለው አስታ ነው የሚል ነገር ሰማሁ። እውነት ከሆነ ለምን እኛ አንሠራም?

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

እውነት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው። ሰሜን ላይ ያለው አስታ፣ ባሌም ያለው፣ ዝርያው ከሜዲትራኒያኑ ጋር አንድ ነው። ግን ፒፓ የሚሠራው ከግንዱ ወይም ከቅርንጫፉ አይደለም። ከጉብጉቡ ነው፣ ጉብጉቡ ለፒፓ የሚሆን እስኪያድግ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ዛፉን ከነስሩ መንቀል ነው። ከወጣ በኋላ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ተቆርጦ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት፣ ለጥሩው ደግሞ ለዓመታት ይደርቃል። ካልተቀቀለ መራራው አይወጣም፣ ቶሎ ከደረቀም ይሰነጠቃል። ሰሜን ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለ። ከዚያ ላይ አስታ መንቀል ወንጀል ነው፣ ለጭላዳውም ለዋልያውም አይበጅ።

ሰሜን_ተራራ፣ ደባርቅ

ገባኝ። እኛ ጋ ለማገዶ ነው የሚቆረጠው፣ እሱም መቆም ነበረበት። አስታው ቆሞ ይቅር፣ እናንተ በእንግሊዙ ቀጥሉ።

አዲስ_ጀማሪ፣ አዲስ አበባ

እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው ይዞልኝ የመጣ ቻራታን አለኝ። ቻራታንስ ሜክ፣ ለንደን ኢንግላንድ ይላል፣ ከስሩ ሰሌክትድ። መምጠጫው ሁለት ደረጃ አለው፣ ማለቴ እንደ ደረጃ መሰላል ወረድ ወረድ ያለ ነው። በክብ ውስጥም ኤል የምትመስል ነገር አለች። ይሄ ጥሩ ነው? ላጭሰው ወይስ ላስቀምጠው?

ዳዊት_ብራየር፣ ዱባይ

በጣም ጥሩ ነው ጀማሪው፣ ዓይንህም ሠርቷል። ቻራታን የድሮ ቤት ነው። ፍሬደሪክ ቻራታን ከሩሲያ መጥቶ ለንደን ውስጥ በ1863 የጀመረው። ደንሂል ራሱ የራሱን ፋብሪካ ከመክፈቱ በፊት ከነሱ ይገዛ ነበር፣ እንግዲህ አስበው። በ1960 አሜሪካዊው ኸርማን ሌን ገዛው። በክብ ያለችው ኤል የሱ ናት። ወረድ ወረድ ያለው መምጠጫ ደብል ኮምፈርት ይባላል፣ እሱም በሌን ዘመን የመጣ ነው። ስለዚህ ፒፓህ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ መሀል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ለደንሂል ተሸጠ፣ ያቺ ኤል እዚያ አበቃች።

የቻራታን መሰላል ስሞቹ ትንሽ ያስቃሉ፣ ሁሉም ታላቅ ነው። ከታች ቤልቬዴር አለ። ኤግዜኪውቲቭ ይከተላል፣ ከዚያ ያንተው ሰሌክትድ፣ ከዚያ ሱፕሪም። ከሱፕሪም በላይ ኤስ100፣ ኤስ150 እያለ ኤስ300 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ኮሮኔሽን፣ ሮያል አቺቭመንት፣ ክራውን አቺቭመንት ይመጣሉ። ሱማ ኩም ላውዴ የሚባለውን እኔ ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው። ሰሌክትድ ከታች ሦስተኛው ነው፣ የሚያፈዝ ነገር ባይሆንም የተከበረ ነው።

አጭሰው። ለመሳቢያ አልተሠራም።

ጋሽ_ኮሞይ፣ ስቶክሆልም

ልጄ ከማጨስህ በፊት አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ጠጋኝ ስለማይገኝ ራስህ ልታጸዳው ትነሳለህ፣ እዚያ ላይ ነው ፒፓ የሚሞተው። መምጠጫው ወደ አረንጓዴ ቡኒ ሄዷል አይደል? እሱ ቮልካናይት ነው፣ ጎማና ድኝ፣ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይለወጣል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ታሸዋለህ፣ ይመለሳል። አንገቱን ግን በሞተር እንዳትነካው። ማህተሙ ቀጭን ነው፣ አንዴ በመወልወያ ጎማ ከተፈተገ አይመለስም። ማህተሙ የጠፋ ክራውን አቺቭመንት ማህተሙ ጥርት ካለ ሰሌክትድ ባነሰ ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ ምክንያቱም ማን ይመሰክርለታል?

ውስጡን ደግሞ ጨውና አልኮል ሞልተህ አንድ ሌሊት ታሳድረዋለህ፣ የድሮውን ሰውዬ ትምባሆ ሽታ ያወጣዋል። እንግሊዞቹ ላታኪያ የሚባለውን በጢስ የደረቀ ትምባሆ ስለሚወዱ ሽታው የጢስ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። ሲገባ ከአንገቱ ላይ ከተንጠባጠበ ቀለሙን ያነሳዋልና ጨርቅ አድርግ።

ቦሌ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስለ ማጭበርበር እናውራ እንጂ። ባለፈው አንድ ሻጭ ቤን ዌድ ብሎ ሸጦልኝ ፒፓው ዴንማርክ ይላል። መልሼ ብልክለት «ቤን ዌድ የእንግሊዝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

ሁለታችሁም ከፊል እውነት ነው የያዛችሁት። ቤን ዌድ የሊድስ ቤት ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን። በኋላ ስሙ ኸርማን ሌን እጅ ገባ፣ እሱ ደግሞ ዴንማርካዊው ፕሬበን ሆልም የሠራቸውን በቤን ዌድ ስም ሸጣቸው። ስለዚህ ሃንድ ሜድ ኢን ዴንማርክ ካለ የሆልም ነው። መጥፎ ፒፓ አይደለም፣ አንዳንዱ ከእንግሊዙም ይወደዳል፣ የእንግሊዝ ስብስብ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ፒተርሰንም እንዲሁ። ሰው ሁሉ እንግሊዝ ያደርገዋል፣ ደብሊን ነው የሚሠራው። ሜድ ኢን ዘ ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ የሚል ማህተም አይታችሁ እንግሊዝ ካላችሁ አየርላንዶቹ ይቀየሟችኋል፣ ልክም ናቸው።

ጂቢዲም የሚያምታታ ነው። በ1850 ፓሪስ ውስጥ የተጀመረ ቤት ነው፣ በኋላ ለንደን ገባ። የፈረንሳይም የእንግሊዝም አለ፣ ስለዚህ ሀገሩን ከማህተሙ አንብቡ። መምጠጫው ላይ ክብ የነሐስ ምልክት ካለ ጥሩ ነው፣ በኋላ ላይ በርካሾቹ ላይ ፊደሉን ብቻ ማተም መጣ። ፕሪሂስቶሪክ የሚባለው በአሸዋ የተመታውን ካገኛችሁ አታስተርፉት፣ ቨርጂንም ያምራል።

ሮዛ_ቴላቪቭ

የተቀየረ መምጠጫን አትርሱ። ነጭ ነጥቧ ከመምጠጫው ጋር ናት እንጂ ከእንጨቱ ጋር አይደለችም። የፓርከር ራስ ላይ የደንሂል መምጠጫ ሲሰካ አይቻለሁ። ማህተሙ እንጨቱ ላይ ነው፣ እንጨቱን አምኑ።

አዲስ_ጀማሪ፣ አዲስ አበባ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ጋሼንም በተለይ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያው ሰውዬ አሁን ሁለት አቅርቦልኛል። አንዱ ኮሞይስ ትራዲሽን፣ ሦስት ቁራጭ ሲ፣ ማህተሙ ጥርት ያለ፣ አፉ ዙሪያ ትንሽ የተቃጠለ። ሌላው ብሉ ሪባንድ ነው ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን ኮሞይስ የሚለው ግማሹ ብቻ ነው የሚነበበው፣ ብሉ ሪባንድ የሚለው ደግሞ ጭራሽ አይታይም፣ መምጠጫውም ሲ የለውም። የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ነው።

ጋሽ_ኮሞይ፣ ስቶክሆልም

ትራዲሽኑን ግዛ። የአፉ ቃጠሎ ከላይ ብቻ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተሽከርክሮ ይወጣል። ወደ ውስጥ ግን ግድግዳው ከሳሳ ተወው። ብርሃን አብርተህበት ውስጡን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀው፣ ስንጥቅ ካለ ጥቁር ክር ሆኖ ይታይሃል። ሁለተኛው ብሉ ሪባንድ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ለ«ሊሆን ይችላል» ግን እጥፍ አይከፈልም።

የካምደን_ልጅ፣ ለንደን

እስማማለሁ። የአንገቱን ሁለቱንም ጎን ፎቶ አስልከህ እዚህ ለጥፈው፣ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት የቅርጽ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።